ከአንዱ ጋሻ ጀርባ ሰባት ሰው

ኤውሮታስ ወንዝ ሲሞላ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። የስፓርታ ሰዎች ይህን እያወቁ የእንስት አምላካቸውን የአርጤምስ ኦርቲያን መቅደስ እዚያው ወንዙ ዳር ሠሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ቦታውን በአሸዋ ደልድለው አዲስ መቅደስ ከላይ አቆሙ፤ ከአሸዋው በታች የቀረው የቀድሞ ዘመን ስለት ሳይነካ ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1910 አቴና ያለው የብሪታንያ የጥናት ተቋም ሲቆፍረው፣ ከአሸዋው በታችም በላይም ከ100,000 የሚበልጡ ትናንሽ የእርሳስ ምስሎች ወጡ።

ከሁሉ የሚበዙት የአበባ ጉንጉኖች ናቸው። ክንፍ ያላት አምላክ አለች፣ አንበሳ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ዋሽንት ነፊ አለ። የእኔን ዓይን የያዙት ግን ወታደሮቹ ናቸው። ክብ ጋሻ፣ ጎፈር የተሰካበት የራስ ቁር፣ ጦር። ጋሻው ፊት ለፊት ይታያል፣ እግሮቹ በጎን ይራመዳሉ፤ ሰውየው ራሱ ከጋሻው ኋላ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሠሪው ቅርጹን ድንጋይ ላይ ይቀርጻል፣ እርሳስ አቅልጦ ያፈስበታል፣ ሲበርድ ያነሳዋል፣ እንደገና ያፈሳል። ርካሽ ነገር ነው። የነሐስ ስለት ለማግባት እጁ የሚያጥረው ሰው እንኳ አንዱን ገዝቶ ለአርጤምስ ሊያኖርላት ይችላል።

የመጫወቻ ወታደርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጀርመን ይነሳሉ። ራቅ ብለው የሚሄዱት ደግሞ ግብፅ ይገባሉ፤ አሲዩት ላይ ከመሰህቲ መቃብር የወጡትን 40 ጦር ያዥ ግብፃውያንና 40 ኑቢያውያን ቀስተኞች ይጠቅሳሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 4,000 ዓመት ነው። እነዚያ ግን ለአንድ ሹም መቃብር ተብለው አንድ በአንድ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው። ከአንድ ቅርጽ በብዛት እየፈሰሰ የሚወጣ፣ ማንም የሚገዛው የእርሳስ ወታደር ከተፈለገ አገሩ ስፓርታ ነው። ስለዚህ እኔ ከዚያ እነሳለሁ።

መካከሉን ቶሎ ልለፈው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኑረምበርግ ውስጥ ዮሃን ጎትፍሪድ ሂልፐርት የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ እንደ ወረቀት የሳሱ ወታደሮችን እያፈሰሰ መሸጥ ጀመረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያችው ከተማ ኤርንስት ሃይንሪክሰን ቁመታቸውን ወደ 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ቁርጥ አደረገው፤ በተለያየ ቀን የተገዙ ወታደሮች አብረው መቆም ቻሉ። በ1824 የፕሩሺያው መኮንን ፎን ራይስቪትዝ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ከካርታና ከዳይስ ጋር ለጦር ሹማምንት አቀረበው። በ1893 እንግሊዛዊው ዊልያም ብሪተን ወታደሩን ውስጡን ባዶ አድርጎ ማፍሰስ ቻለ፤ ብረቱ ቀነሰ፣ ዋጋውም ወደቀ። በ1913 ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ «ሊትል ዎርስ» የሚል የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ ዳይስ አልወደደም፤ በሞላ የሚተኩስ ትንሽ መድፍ ነበረውና መሬት ላይ ተንበርክኮ ወታደሮቹን በእንጨት ጥይት እየመታ ይጥላቸው ነበር።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የጥንት ዘመን ጦር ቦታ አልነበረውም ቢባል ብዙ አያሳስትም። የሚፈለገው የናፖሊዮን ዘመን ነበር፤ ደማቅ ኮት፣ የወርቅ ቁልፍ፣ መድፍ። ጥንቱን ጠረጴዛ ላይ ካወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ቶኒ ባዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1965 የተቋቋመው የጥንታውያን ማኅበርም «ስሊንግሾት» የሚል መጽሔት ይዞ እስከ ዛሬ አለ። በ1969 ፊል ባርከርና ጓደኞቹ ለጥንት ዘመን ጦርነት የራሱን ሕግ አወጡለት፤ አንድ ምስል 20 ሰው ይወክላል ተባለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወታደር ዋጋ አለው፤ የገንዘብ ሳይሆን የነጥብ ዋጋ። ሁለት ተጫዋቾች እኩል ነጥብ ይዘው ይገናኛሉ፤ ጥሩር የለበሰው ይወደዳል፣ ድንጋይ ወርዋሪው ይረክሳል። ይህች የነጥብ ነገር ኋላ ትመጣለችና ትያዝልኝ።

የምኖረው ኖቲንግሃም ነው። ትናንሽ ወታደር የመሥራት ሙያ በዓለም ላይ እንደዚህ የተከማቸበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ጌምስ ወርክሾፕ እዚህ ነው፣ ዋርሎርድ ጌምስ እዚህ ነው፣ መንትዮቹ የፔሪ ወንድማማቾች እዚህ ናቸው፤ የሙያው ሰዎች አካባቢውን «የእርሳስ ቀበቶ» ይሉታል። አሠራሩ የስፓርታው የልጅ ልጅ ነው። ሁለት ክብ የጎማ ገበታዎች ይገጣጠማሉ፤ ውስጣቸው የወታደሮቹ ቅርጽ አለ። ገበታው እየተሽከረከረ የቀለጠ ብረት በመሐሉ ቀዳዳ ሲፈስ ወደ ዳር ይሮጥና እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ይሞላል። አሁን አሁን ብረቱም እየቀረ ነው፤ በአረብ ብረት ሞልድ በግፊት የሚሠራ ፕላስቲክ ተተክቷል፤ ጦሩ፣ ክንዱ፣ ጭንቅላቱ ተነጣጥሎ ይመጣል፣ ባለቤቱ ይገጣጥመዋል።

እንጀራዬ ጥርስ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ ላቦራቶሪ እቀጠራለሁ። ሰም መቅረጽ፣ ሞልድ ማውጣት፣ በፀጉር ጫፍ ብሩሽ ቀለም መደራረብ የቀን ሥራዬ ስለሆነ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ ብውል የሚሻል ይመስላል። አልሆነም። ማታ ግሪኮችን እቀባለሁ።

የመረጥኩት የፕላቴያን ጦርነት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 479፣ ግሪኮች የፋርስን ሠራዊት መሬት ላይ የሰበሩበት። የመረጥኩበትም ምክንያት የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የማን ከተማ ስንት ሰው እንዳሰለፈ ተራ በተራ ስለሚዘረዝር ነው፤ ሱቅ ይዤው የምሄደው ዝርዝር ሆነልኝ። ከስፓርታ ዜጎች 5,000፣ ከአቴና 8,000፣ ከቆሮንቶስ 5,000፣ ከሜጋራ 3,000፣ ከራሷ ከፕላቴያ 600 እያለ ይቀጥላል፤ ድምሩ 38,700 ባለ ከባድ ትጥቅ ነው። የእኔ ስሌት 1 ለ100 ነው። ስለዚህ የስፓርታ ዜጎች 50 ምስል ይሆናሉ፣ ፕላቴያ 6።

ቀለም መቀባት የሚጀምረው ሞረድ ይዞ ነው። ሁለቱ የሞልድ ገጾች የሚገናኙበት መስመር በምስሉ ጎን ላይ እንደ ስፌት ይቀራል፤ እሱ ካልተነሳ ቀለሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ጥቁር መሠረት ይረጫል፣ ነሐሱ በጥቁሩ ላይ ይመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው «ጋሻቸው ያጌጠ ነበር» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ብሩሽ የያዘ ሰው ግን አያልፍም። ይህ ጋሻ ቀይ ነው ወይስ ነጭ? ምን ተሣለበት? ጥሩሩ ተልባ እግር ጨርቅ ነው ወይስ ቆዳ? በጥሩሩ ነገር ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ በሙጫ የተደራረበ ጨርቅ ነው የሚል አለ፣ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ነው የሚል አለ፣ ቆዳ ነው የሚል አለ። እኔ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን የቆዳ ቡኒ ቀብቼ ተገላገልኩ።

ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የስፓርታ ጋሻ ላይ ላምዳ የተባለችውን ፊደል ይጠብቃል፤ የአገሪቱ ሌላ ስም መነሻ ናት። ማስረጃዋ ግን አውፖሊስ ከተባለ የአቴና ኮሜዲ ደራሲ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፕላቴያ በኋላ ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ የጻፈ ሰው ነው። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ425 ስፋክቴሪያ ደሴት ላይ ከማረኳቸው ስፓርታውያን የገፈፉት አንድ የነሐስ ጋሻ አቴና ውስጥ በአጎራው ሙዚየም አለ። ማራኪዎቹ ከማንና ከየት እንደወሰዱት ነሐሱን ወግተው ጽፈውበታል፤ ላምዳ ግን አይታይበትም። ስለዚህ የእኔ ስፓርታውያን ላምዳ የላቸውም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ምልክት ሰጠሁት። ለአንዱ ዝንብ ሣልኩለት። ፕሉታርክ እንደሚያወራው አንድ ስፓርታዊ ጋሻው ላይ በልኳ ዝንብ አሥሎ፣ እንዳትታይ ነው ብለው ሲያፌዙበት፣ ጠላት አጠገብ ስለምደርስ ትልቅ ሆና ትታየዋለች አለ ይባላል። የ28 ሚሊሜትር ሰው ጋሻ ላይ በልኳ ዝንብ ለመሣል ከብሩሽ አንዲት ፀጉር ትበቃለች። ከአቴናውያኑ መካከል ሶፋኒስ አለ፤ ሄሮዶቱስ እንደሚለው በዚያው በፕላቴያ መልሕቅ ይዞ ነበር። አንዱ ወሬ እውነተኛ የብረት መልሕቅ በሰንሰለት ታጥቆ ነው ይላል፣ ሌላው ጋሻው ላይ የተሣለ ነው ይላል። የተሣለውን መረጥኩ፤ ሰንሰለቱን ማን ይሠራዋል።

ኮስታራው ስፓርታዊ አሞምፋሬቶስም አለኝ። ማፈግፈግ ሲታዘዝ እምቢ ብሎ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ አንስቶ አዛዡ ጳውሳንያስ እግር ሥር ጣለና ድምፄ ይህ ነው አለ። ከሠራዊቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሃምሳዎቹ አልቀው፣ ቀይ ካባቸውን ለብሰው ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው ሳለ አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሼ በቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ ስንቅና ትጥቅ ክፍል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ብለው ከዳር እስከ ዳር አዩዋቸው።

«ጎበዞች ናቸው» አሉ። «ይሄ ጋሻ ምን ያህል ይከብዳል?»

«ሰባት ኪሎ ገደማ ይሆናል ጋሼ። ስፋቱ ወደ ዘጠና ሴንቲሜትር ነው።»

«ከቤታቸው እዚህ ድረስ ራሳቸው ተሸክመውት ነው የመጡት?»

«አይ፣ ተሸካሚ ነበራቸው።»

«እሱን ነው የምልሽ። ጋሻ ጃግሬው የታለ?»

«እነሱ በሳጥን አይሸጡም።»

«ታዲያ ይሄ ጦር ማታ ምን ሊበላ ነው?»

መልሱን ሄሮዶቱስ እዚያው ዝርዝሩ ላይ ጽፎታል፤ እኔም አንብቤው ነበር፣ ለዝርዝሬ አልፈለግሁትም እንጂ። እያንዳንዱ የስፓርታ ዜጋ ሰባት ሄሎቶች ነበሩት። 5,000 በሰባት 35,000 ነው። ሄሎት ማለት ስፓርታ በላኮንያና በመሴንያ ከመሬቱ ጋር አስራ የያዘችው ገባር ነው፤ ያርሳል፣ ለጌታው ይገብራል፣ ሲዘመት ይከተላል። በእኔ ስሌት 350 ምስል መሆኑ ነው። በዚህ ከተማ ለስፓርታ ዜጋ የሚሆን ባለ ቀይ ካባ በየሱቁ ሞልቷል፤ 350 ሄሎት ቀብቶ ያሰለፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የነጥቡ ሕግም አይረዳም፤ ሄሎት ከተቆጠረም በጣም ርካሹ ነው፣ ብዙዎች ያን ነጥብ ፈረሰኛ ይገዙበታል። ከኤውሮታስ ዳር ከወጡት እርሳሶች ውስጥም ሄሎት ነው ተብሎ የተለየ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

እነዚህ ሰዎች በጦርነቱ ቀን የት ቆመው ነበር? ሄሮዶቱስ ለውጊያ የታጠቁ ነበሩ ይላል እንጂ ቦታቸውን አይናገርም። ፒተር ሃንት የተባለው የታሪክ ምሁር በ1990ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያስደነግጣል። የግሪክ ሰልፍ ብዙውን ጊዜ ስምንት ረድፍ ጥልቀት አለው። አንድ ስፓርታዊ ሲደመር ሰባት ሄሎት ስንት ነው? ስለዚህ የፊተኛው ረድፍ ዜጋ፣ ከኋላው ያሉት ሰባቱ ሄሎቶች ነበሩ ይላል። ሁሉም ምሁር አልተቀበለውም። እኔም የምሟገትለት ማስረጃ የለኝም፤ ነገር ግን በዚያ የሜዳ ስፋት ላይ 35,000 ሰው ዝም ብሎ ከኋላ ቆሞ ይመለከት ነበር ከሚለው ይሻለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነገር ደግሞ ሐሳቡን ያከብደዋል። ሄሮዶቱስ የሞቱትን ሲቆጥር ከስፓርታ 91፣ ከቴጌያ 16፣ ከአቴና 52 ይላል። ስፓርታውያን ሦስት መቃብር ቆፈሩ፤ ሦስተኛው የሄሎቶች ነበር። መቃብር አላቸው፣ ቁጥር የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላው የጥንት ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲዲስ የሚተርከው አለ፦ ስፓርታውያን በጦርነት ከሁሉ በልጠናል የምትሉ ቅረቡ ብለው ለሄሎቶች አወጁ፤ 2,000 ተመረጡ፣ ነፃ ወጣችሁ ተብለው ጉንጉን ደፍተው ቤተ መቅደሶችን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ጠፉ። እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሞቱ ያወቀ የለም። ደፋር ሄሎት ለጌታው ከጠላት ይልቅ ያስፈራዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ራሴ ላፈስሳቸው ወሰንኩ፤ መሣሪያው በእጄ ነው። ልብሳቸውን ሚሮን ከተባለ ጥንታዊ ጸሐፊ ወሰድኩ፦ የውሻ ቆዳ ቆብ፣ የቆዳ እጀ ጠባብ። ሚሮን ይህን የሚያነሳው ውርደታቸውን ለማሳየት ነው፤ እንዲለብሱ ይገደዱ ነበር ይላል። አምስት ዓይነት ሰው ከሰም ቀረጽኩ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ ገና ጢም አላወጣም፣ አንዱ ጦሩን እንደ ምርኩዝ ይዟል። በጥርስ ሲሊኮን ባለ ሁለት ገጽ ሞልድ አወጣሁ። ብረቱ ከመፍሰሱ በፊት የሞልዱ ውስጥ ታልክ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ዱቄቱ ከሌለ የቀለጠው ቆርቆሮ ጠብ ጠብ ብሎ ይንከባለላል እንጂ ጥግ አይገባም። ከእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ እስከ ሞልዱ ዳር በመርፌ ቀጭን የአየር መውጫ እሰነጥቃለሁ። አየሩ መውጫ ካጣ እጁ ጣት አልባ ሆኖ ይወጣል። ጦሩን አላፈስሰውም፤ ሽቦ እቆርጥና ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጌ ጡጫው ውስጥ አጣብቃለሁ።

350ውን ሁሉ አልሠራሁም፤ አልሠራምም። ለናሙና አንድ ክፍል አበጀሁ፦ 8 ስፓርታውያን ከፊት፣ ከኋላቸው በሰባት ረድፍ 56 ሄሎቶች። ስፋቱ 12 ሴንቲሜትር ነው። ከፊት ሲያዩት ቀይ ካባና ነሐስ ብቻ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ሌላ ጦር ነው።

ክለባችን ውስጥ ፋርስን ይዞ የሚገጥመኝ ሰው ይህን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ነጥብ ነው?» የሚል ነበር። የእሱን ሠራዊት ላመስግን፤ ኢትዮጵያውያን አሉት። ሄሮዶቱስ በኢትዮጵያውያን ስም የሚጠራቸው ከግብፅ በላይ በናይል ዳር የሚኖሩትን የኩሽ ሰዎች ነው፤ ነብርና አንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ረጅም የዘንባባ ቀስት የያዙ፣ ጦራቸው ላይ የሚዳቋ ቀንድ የሰኩ፣ ወደ ውጊያ ሲገቡ ግማሽ ሰውነታቸውን ኖራ ግማሹን ቀይ የሚቀቡ። በፕላቴያም ከፋርስ ወገን ነበሩ ይላል። ባላጋራዬ እኔን ደስ ለማሰኘት ይሁን ለማብሸቅ አላውቅም፣ ሁልጊዜ በእኔ ስፓርታውያን ፊት ያቆማቸዋል። በነጥቡ ነገር ብዙ ተከራክረን፣ የኋላ ረድፎቹ ለግፊት እንዲቆጠሩ፣ የፊተኛው ረድፍ ሲያልቅ ግን ሄሎቶቹ ይቆሙ ወይም ይሽሹ እንደሆነ በዳይስ እንዲወሰን ተስማማን። እስካሁን ብዙውን ጊዜ ቆመዋል።

ለጋሼ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ፤ ስንቁ። ቱኪዲዲስ ስለ ስፋክቴሪያ ሲጽፍ በጊዜያዊ የጦርነት ማቆም ስምምነት ለተከበቡት ስፓርታውያን የተፈቀደውን ራሽን ይዘረዝራል፦ ለአንድ ስፓርታዊ በቀን ሁለት ኬኒክስ የገብስ ዱቄት፣ ሁለት ኮቲላ ወይንና ሥጋ፤ ለአገልጋዩ የዚህ ግማሽ። አንድ ኬኒክስ ሊትር ሙሉ ገደማ ነው። ጋሼ ስልኩን ሳይዘጉ ማባዛት ጀመሩ። 5,000 በሁለት፣ 35,000 በአንድ፣ በቀን 45,000 ኬኒክስ፤ ያውም የስፓርታ ዜጎችና የሄሎቶቻቸው ብቻ። በፕላቴያ ሁለቱ ሠራዊቶች ተፋጠው ከአሥር ቀን በላይ ሰፍረዋል። «ይሄን በምን አመጡት?» አሉ።

ሄሮዶቱስ ዘንድ እሱም አለ። የፋርስ ፈረሰኞች በሌሊት የኪቴሮን ተራራን መተላለፊያ ዘግተው ከፔሎፖኔዝ እህል ጭነው የሚመጡ 500 የጭነት ከብቶችን ከነጂዎቻቸው ያዙ ይላል። በ1 ለ100 ስሌት አምስት መሆኑ ነው። አሁን የመጀመሪያውን የሰም በቅሎ እየቀረጽኩ ነው። ፎቶ ልኬላቸው ነበር፤ ጭነቱ ወደ ኋላ አዘንብሏል፣ ቁልቁለት ላይ ይገለብጣታል፣ ወደ ትከሻዋ አስጠጊው ብለው መለሱልኝ።